መጽሐፉና ተማሪው ሳይገናኙ ሲቀሩ መምህሩ ምን ያድርግ?

በየክፍላችን በየቀኑ የምትደገም አንዲት ምልልስ አለች። መምህሩ አንዱን ርዕስ ይጨርስና «ገባችሁ?» ይላል። እኛም በአንድ ድምፅ «አዎ!» እንላለን። መምህሩ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ያልፋል። ፈተና ሲመጣ ግን «አዎ» ያልነው ሰዎች ተያይዘን እንወድቃለን። ይህ ጽሑፍ ያቺ «አዎ» ከየት እንደምትመጣ፣ የማስተማሪያ ጽሑፉ የተማሪውን ፍላጎት ሲስት ደግሞ መምህሩ ምን ቢያደርግ እንደሚበጅ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የማስተማሪያ ጽሑፍ ስል መጽሐፉን ብቻ ማለቴ አይደለም። ከፎቶ ኮፒ ቤት የምናወጣው ሃንድአውት፣ ሞጁሉ፣ በቴሌግራም የሚላክልን ስላይድ፣ የመልመጃ ወረቀቱ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል።

የበረዶው ዜና

ነገሩን ከራሳችን ክፍል ልጀምር። የዜና አጻጻፍ ኮርስ ስንወስድ የተሰጠን ሃንድአውት ውጭ አገር ከታተመ መጽሐፍ የተቀዳ ነበር። ስለ ዜና መግቢያ ማለትም ስለ ሊድ የሚያስረዳው ክፍል ሦስት ምሳሌዎች ነበሩት። አንዱ በበረዶ ምክንያት ለሁለት ቀን የተዘጋ ኤርፖርት ነው። ሁለተኛው የከተማ ምክር ቤት ስለ ንብረት ግብር የሰጠው ድምፅ ነው። ሦስተኛው የቤዝቦል ጨዋታ ነው።

መቼም የኛን አገር በረዶ የምታውቁት ነው። መካነ ሰላምም ሆነ አቀስታ፣ በረዶ ሲባል ክረምት ላይ ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር የሚደበድበው፣ የባቄላውን አበባ የሚያረግፈው ነው። ሩብ ሰዓት ወርዶ ያቆማል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል። «ስኖው» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላቱ «በረዶ» ስላለን እኛም በረዶ ብለን ተቀበልነው። እንዲህ ያለ በረዶ አውሮፕላን ማረፊያ ለሁለት ቀን እንዴት እንደሚዘጋ ግን ማንም አልጠየቀም። መምህራችን «ገባችሁ?» ሲሉን «አዎ» አልን። ካሉት ውስጥ አንዱ እኔ ነኝ።

የሚድ ፈተናው አንዱ ጥያቄ ስለ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባ መረጃ ደርድሮ «ሊድ ጻፉ» የሚል ነበር። ከግማሽ በላይ የሆንነው ከስብሰባው መክፈቻ ጀምረን፣ ማን እንደመራውና ስንት ሰዓት እንደተጀመረ ጽፈን፣ የግብሩን ጭማሪ መጨረሻ ላይ አደረግነው። በጋዜጠኝነት ሕግ ደግሞ ዋናው ነገር መጀመሪያ ነው የሚመጣው። ውጤቱ ሲለጠፍ ሁሉም ዝም አለ።

መምህራችን አልተቆጡም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ብጣሽ ወረቀት አደሉንና «ስም አትጻፉ፤ ያልገባችሁን አንድ ነገር ብቻ ጻፉ» አሉ። በማግስቱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበቡልን። «ሊድ አልገባኝም» ያለ ጥቂት ነው። አብዛኛው የጻፈው «የንብረት ግብር ምን እንደሆነ አላውቅም»፣ «ምክር ቤት ድምፅ መስጠቱ ለምን ዜና ይሆናል?» የሚል ነበር። ለካስ የጎደለን ሊዱ አልነበረም። ምኑ ዋና እንደሆነ ሳናውቅ ዋናውን አስቀድሙ ተባልን።

ክፍተቱ ሦስት መልክ አለው

ከዚህ አጋጣሚ በኋላ ነገሩን ሳስበው በጽሑፉና በተማሪው መካከል ያለው ክፍተት አንድ ዓይነት አለመሆኑን ተረዳሁ።

የመጀመሪያው የቋንቋ ክፍተት ነው። እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ግን ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ አንድ የገጠር ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ትምህርቱ በሙሉ በሌላ ቋንቋ ሆኖ ይጠብቀዋል። ኮሌጅ ሲገባ ቋንቋው ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ሁለተኛው የምሳሌ ክፍተት ነው። ቃላቱን ብናውቃቸውም ምሳሌው የተነሣበትን ኑሮ አናውቀውም። የበረዶው ዜና ዓይነት ማለት ነው።

ሦስተኛው የመሠረት ክፍተት ሲሆን ስለዚህኛው ብዙ አይወራም። ሞጁሉ ሲዘጋጅ አራት ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ የተማረ ተማሪ ታስቦ ነው። እኛስ? 8ኛ ክፍል ሳለን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። 10ኛ ክፍል ስንደርስ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ገባ፤ ደሴም ለሳምንታት በጦርነት ውስጥ ነበረች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ከረመ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተነው 5.4 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ በቀጥታ የገባ፣ በሪሚዲያል አልፎ የመጣ፣ ዓመት አቋርጦ የተመለሰ አብረው ይቀመጣሉ። ሃንድአውቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

«ታዲያ መምህሩ ሃንድአውቱን ጥሎ ሌላ ለምን አያመጣም?» የሚል ሰው ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣመ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ፈተናው የሚወጣው በእንግሊዝኛና በኮርሱ ይዘት ነው። መምህሩ ይዘቱን ከቀነሰልን ዛሬ ደስ ይለናል፤ በመጨረሻው ዓመት ግን እንከፍልበታለን። ስለዚህ ጥያቄው ጽሑፉን መያዝ ወይስ መጣል የሚል አይደለም። ጽሑፉን እንደያዙ ተማሪውን እንዴት ማድረስ ይቻላል የሚል ነው።

ከፕላዝማው ምን እንማር?

ይህ ችግር በአገራችን በግልጽ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም.፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሲቪክስ በትልቁ ስክሪን ይቀርቡ ነበር። ፕሮግራሞቹ የተቀረጹት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲሆን የሚተላለፉትም በእንግሊዝኛ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስርጭቱ ይወስደዋል። ለክፍሉ መምህር የሚቀረው ከመጀመሩ በፊት ለማስተዋወቅ፣ ካለቀ በኋላ ለማጠቃለል የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ናት።

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የሠለጠነ መምህርና ላቦራቶሪ ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ትምህርት ማድረስ ትልቅ ዓላማ ነው። አሲድና ቤዝ ሲቀላቀሉ በዓይኑ ያየው ተማሪ በቃል ከተነገረው ይሻላል። ችግሩ ስርጭቱ የማይቆም መሆኑ ነው። ተማሪው አንዱን ቃል ሳይዝ ስክሪኑ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። «ይደገምልኝ» አይባልም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል።

ታላቅ ወንድሜ በፕላዝማ ከተማሩት አንዱ ነው። «መምህራችን በሩ አጠገብ ቆሞ እንደኛው ያይ ነበር» ይለኛል። አንድ የፊዚክስ መምህር ግን አልረሳውም ይላል። ያ መምህር የስክሪኑን ድምፅ ይቀንስና ሥዕሉ እየሄደ እሱ በአማርኛ «አሁን ይሄ ኳስ ለምን ወደ ታች ሄደ?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። ወንድሜ ከፊዚክስ የሚያስታውሰው ያንን ብቻ ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ጽሑፉም ሆነ ስክሪኑ ከሩቅ መምጣቱ በራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው መሐል ላይ ቆሞ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው ሲጠፋ ነው። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤት ስክሪኑ ባይኖርም ስላይድ እያነበበ የሚያልፍ ትምህርት ከፕላዝማው በምን ይለያል?

የወሎ ሊቃውንት ያደረጉት

መፍትሔውን ለማግኘት ብዙ ርቀን መሄድ ያለብን አይመስለኝም። ከጎረቤታችን ከአማራ ሳይንት፣ ከተድባበ ማርያም አንሥቶ በየገዳሙና በየደብሩ የኖረውን የአብነት ትምህርት እናስብ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በግእዝ ነው። ግእዝ የቤት ውስጥ መነጋገሪያ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። መምህራኑ ታዲያ መጽሐፉን አልጣሉትም። ተማሪውንም ከማያውቀው ቋንቋ ጋር ብቻውን አልተዉትም። ንባቡን በግእዝ አስቀምጠው ትርጓሜውን በአማርኛ አወረዱት። አንዱ ፍቺ ካልበቃ «አንድም» እያሉ ሌላውን ይጨምራሉ። ምሳሌ ሲያስፈልግ ተማሪው ከሚያውቀው ኑሮ ያመጣሉ። አንድምታ የምንለው ይህ ነው። በጎንደር ዘመን በሰፊው ተደራጅቶ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ ኋላ በመጽሐፍ ታተመ።

በሌላ በኩል የወሎ ሸሆችም ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። ኪታቡ ዓረብኛ ነው፤ ደረሳው ግን የወሎ ገበሬ ልጅ ነው። ሸሁ ዓረብኛውን እያነበቡ በአማርኛ ያፈታሉ። ከዚያም አልፎ አማርኛውን በዓረብኛ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ይህ አጻጻፍ አጀሚ ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር በዚህ መንገድ የአማርኛ መንዙማ ካዘጋጁት መካከል ናቸው። ዓረብኛ የማያውቀውም ሰው ትምህርቱን በዜማ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በውጭው ዓለምም ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 እ.ኤ.አ. አንጂኮስ በተባለች ቦታ 300 ያህል ሠራተኞችን ማንበብና መጻፍ ሲያስተምር ከመማሪያ መጽሐፍ አልጀመረም። ሰዎቹ በየቀኑ ከሚጠሯቸው እንደ «ጡብ» ካሉ ቃላት ነው የጀመረው።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። የመምህሩ ሥራ ጽሑፉን ማስተላለፍ ብቻ ተደርጎ አልተቆጠረም። ጽሑፉና ተማሪው የሚገናኙበትን ቦታ ማዘጋጀትም ሥራው ነው።

የተለመዱት ሦስት መልሶች

እስካሁን በትምህርት ቤት ሕይወቴ ጽሑፉ አልገባን ሲል ሦስት ዓይነት መልስ አይቻለሁ። አንደኛው ማንበብ ነው። መምህሩ ስላይዱን እንዳለ ያነባል፤ እኛ እንጽፋለን። ሁለተኛው መዝለል ነው። «ይሄ ለእናንተ አያስፈልግም» ተብሎ ምዕራፉ ይታለፋል። ሦስተኛው ለፈተና ብቻ መሸምደድ ነው። «ከዚህ ይወጣል» የተባሉ አሥር ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ይሰጡናል። ሦስተኛውን እኛ ተማሪዎች በጣም እንወደዋለን፤ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ነገር ግን ሦስቱም ክፍተቱን ይሸፍኑታል እንጂ አይሞሉትም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወደ ክፍላችን ልመለስ። መምህራችን ብጣሽ ወረቀቶቹን ካነበቡ በኋላ ያደረጉትን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

1ኛ. ጥያቄውን ቀየሩት። «ገባችሁ?» ማለት ተዉ። በምትኩ «ይህን ለታናሽ እህትህ ብታስረዳት ምን ትላታለህ?» ይላሉ። ይህ በ«አዎ» አይመለስም። ብጣሽ ወረቀቱንም በየሁለት ሳምንቱ ያድሉናል። ስም ስለማይጻፍበት የሚያፍር የለም።

2ኛ. ጽንሰ ሐሳቡን ከምሳሌው ለዩት። ሊድ ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ በረዶው ምሳሌ ነው። ሊዱ ይቆያል፤ በረዶው ይቀየራል። ገበያ ወጥተን አንዳንድ ወሬ እንድናመጣ አዘዙን። አንዱ የገብስ ዋጋ፣ አንዷ የበልግ ዝናብ መዘግየት፣ ሌላው ከደሴ ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ያደረ አውቶቡስ ይዞ መጣ። የአውቶቡሱ ልጅ ጽሑፉን «ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን» ብሎ ጀመረ። መምህራችን «ያን ዕለት ለእናትህ ብትደውልላት፣ ሰላምታውን ትተን፣ መጀመሪያ ምን ትላት ነበር?» አሉት። «መኪናው ጭቃ ውስጥ ስለገባ ዛሬ አልደርስም፤ ግን ማንም አልተጎዳም» አለ። «እሱ ነው ሊድ» አሉት። ክፍሉ ሳቀ፤ ነገር ግን ሁላችንም ያዝነው።

3ኛ. ከምሳሌው ወደ ጽሑፉ መለሱን። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው። በራሳችን ወሬ ከሠራን በኋላ የከተማ ምክር ቤቱን ጥያቄ እንደገና አወጡት። «ምክር ቤቱ ማለት በመካነ ሰላም ቢሆን ማን ነው? ንብረት ግብሩስ የቤትና የቦታ ግብር ቢጨምርባችሁ ቤተሰባችሁ መጀመሪያ ምን ይጠይቃል?» አሉን። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጻፍነው። ቃላቱን በሁለት ረድፍ፣ በአንዱ እንግሊዝኛውን በሌላው የአማርኛ ፍቺውን፣ ደብተራችን መጨረሻ ላይ እያስቀመጥን ሄድን። ፈተናው የሚመጣው በዚያ ቋንቋ ስለሆነ መመለሱ ግድ ነው።

4ኛ. ለሁሉም የሚሆን አንድ ምሳሌ እንደሌለ ተቀበሉ። ከሌላ ክልል የመጣ ጓደኛችን አንድ ቀን ወረቀቱ ላይ «የእናንተ አማርኛም ለእኔ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ በልግም አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ኋላ ራሱ ነው የነገረን። ያን ጊዜ ለእኛ የተሠራው ድልድይ ለእሱ ሌላ ወንዝ እንደሆነበት ገባን። ከዚያ ወዲህ ምሳሌ የምናመጣው እያንዳንዳችን ከየአገራችን ነው።

5ኛ. ጻፉት። በመንፈቁ መጨረሻ የትኛው ገጽ እንዳስቸገረ፣ በምን እንደተተካ፣ ምን እንደቀረ በአንድ ገጽ ጽፈው ለትምህርት ክፍሉ እንደሰጡ ነግረውናል። እኔ ከሁሉ የምበልጠው ይህኛው ይመስለኛል። ለከፍተኛ ትምህርት መምህራን በሚሰጠው የሃየር ዲፕሎማ ሥልጠናም መምህራን የራሳቸውን ክፍል ችግር እያጠኑ ተግባራዊ ምርምር እንዲያደርጉ ይጠበቃል። ምርምሩ የግድ ወፍራም ጥራዝ መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ቢሆንም ለሚቀጥለው መምህር ከተላለፈ ታናናሾቻችን በእኛ በረዶ አይመቱም። ካልተጻፈ ግን መምህሩ ሲቀየር ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል።

ዋጋም አለው

ይህ ሁሉ በነፃ የመጣ አይደለም። ከኮርሱ ዕቅድ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርተን በቅዳሜ ሜካፕ ክላስ ነው የደረስነው። ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ላይ መነሣት ያላስደሰተው ብዙ ነበር። «አማርኛ በዛ፤ እንግሊዝኛችን መቼ ሊሻሻል ነው?» ያሉም ነበሩ፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነው። መምህሩ ወደ ጽሑፉ መመለሱን ከረሳ እውነትም እንጎዳለን። ብዙ ክፍል የሚያስተምር መምህር ደግሞ ይህን ሁሉ በየኮርሱ አድርግ ቢባል ከአቅሙ በላይ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ በአንድ ኮርስ ውስጥ ተማሪ በብዛት የሚወድቅባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ርዕሶች መርጦ መጀመር የሚሻል ይመስለኛል።

ውጤቱስ? በፋይናል ፈተና ሁላችንም ኤ አላገኘንም። የሊዱን ጥያቄ ግን ብዙዎቻችን ሠርተነዋል። ከዚያ በላይ ግን በክፍሉ ውስጥ «አልገባኝም» የሚል ድምፅ መሰማት ጀመረ።

የእኛ የተማሪዎች ድርሻ

ነገሩን በመምህራን ላይ ብቻ ጥለን ብንሄድ ፍትሐዊ አይሆንም። እኛ ያደግነው «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው። ታላቅ ሲናገር አቋርጦ አልገባኝም ማለት ድፍረት ይመስለናል። ግን አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ብለዋል። ያቺ የሐሰት «አዎ» መምህሩን ከማክበር የመጣች ብትመስልም መምህሩን ታሳስታቸዋለች። እኛ ገባን ካልናቸው ወደ ኋላ እንዲመለሱ በምን እናስታውሳቸው?

ውድ የትምህርት ክፍላችን መምህራን፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ብጣሽ ወረቀት ብታድሉን ደስ ይለናል። ውድ ጓደኞቼ፣ ወረቀቱ ሲደርሳችሁ ባዶውን አትመልሱት።